ባስ ዓሣ ምን ዓይነት ማባበያ ይነክሳል? ከቀለም በፊት መታየት ያለባቸው ጉዳዮች

ባስ ዓሣ ለማጥመድ የትኛው ማባበያ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለአሥር አጥማጆች ቢቀርብ አሥር ዓይነት መልስ ያስገኛል። አንዱ ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል ያስቀድማል። ሌላው በውኃ ገጽ ላይ እየዘለለ ከሚሄደው ሰው ሠራሽ እንቁራሪት በቀር ሌላ አያምንም። ሦስተኛው ዓመቱን ሙሉ ጂግ የሚባለውን ከባድ ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ይወረውራል። ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ማባበያ ከፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት ተሠርቶ መንጠቆ የተገጠመለት የውሸት ምግብ ነው፤ እያንዳንዱም ለተወሰነ ጥልቀት፣ ለተወሰነ ፍጥነትና ለተወሰነ መደበቂያ ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ ክር ከመወርወሩ በፊት ሁለት ነገሮችን መገመት ያስፈልጋል፦ ዓሣው ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለና ምግቡን ለማሳደድ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነ። ይህ ከተገመተ በኋላ ምርጫው ብዙ አያስቸግርም።

ጀማሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቀለም ነው። ሣጥናቸውን በሃምሳ ዓይነት ቀለም ይሞሉና ሁሉንም በአንድ ጥልቀት፣ በአንድ ፍጥነት ይጎትቱታል። ዓሣው በአራት ሜትር ጥልቀት ላይ ተኝቶ ሳለ ማባበያው በግማሽ ሜትር ላይ የሚያልፍ ከሆነ የትኛውም ቀለም አይረዳም።

ዓሣው እንዴት ያድናል?

ባስ ሲባል በብዛት የሚታሰበው ትልቅ አፍ ባስ ነው። የትውልድ ቦታው ሰሜን አሜሪካ ቢሆንም በስፖርት አጥማጆች ዘንድ ተወዳጅ በመሆኑ በሰው እጅ ወደ ብዙ አገሮች ተወስዷል፤ ለምሳሌ ጃፓን የገባው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ዘመዱ ትንሽ አፍ ባስ ቀዝቀዝ ያለና ድንጋያማ ውኃ ይመርጣል። ሁለቱን ለመለየት አፉ የተዘጋውን ዓሣ ከጎን ማየት ነው፤ በትልቅ አፍ ባስ የላይኛው መንጋጋ ጫፍ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይደርሳል።

ትልቅ አፍ ባስ አድብቶ የሚያጠቃ አዳኝ ነው። በወደቀ ግንድ ጥላ፣ በውኃ ሣር ጠርዝ ወይም በድልድይ ምሰሶ ሥር ቆሞ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ታዳኙ ሲቀርብ አፉንና የስንጥቡን ክዳን በቅጽበት ይከፍታል፤ በዚያን ጊዜ ውኃው ከነታዳኙ ወደ አፉ ይሳባል። እጅ የሌለው ፍጡር በመሆኑ ያጠራጠረውን ነገር የሚመረምረው በአፉ ነው። ጠንካራና ባዕድ ሆኖ ካገኘው በገባበት ፍጥነት መልሶ ይተፋዋል። ብዙ ጀማሪዎች "ዛሬ ምንም አልነካኝም" በሚሉበት ቀን ዓሣው ማባበያቸውን ወደ አፉ አስገብቶ የተፋው ሳይታወቃቸው ነው።

ዓይኑ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በዓይኑ ብቻ አያድንም። ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ በሁለቱም ጎኑ የተዘረጋው የጎን መስመር የሚባለው የስሜት አካል በውኃው ውስጥ የሚፈጠረውን ዝቅተኛ ንዝረት ይለያል። በደፈረሰ ውኃ ወይም በሌሊት ዓሣው የሚመራው በዚህ ነው። ማባበያ ሠሪዎች የሚያንቀጠቅጥ ከንፈር፣ የሚሽከረከር የብረት ቅጠልና የሚንኳኳ ኳስ የሚጨምሩት ለዚህ ስሜት ብለው ነው።

ለስላሳው ትል

አንድ ማባበያ ብቻ ይዘህ ሂድ ብባል ያለ ማመንታት የፕላስቲክ ትል እይዛለሁ። እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ ይኖር የነበረው ኒክ ክሬም የመጀመሪያውን ስኬታማ የፕላስቲክ ትል ከሠራ ወዲህ መልኩ በሺህ ዓይነት ተለዋውጧል፤ መሠረታዊ ጥቅሙ ግን ያው ነው። ሲነከስ ለስላሳ ስለሆነ ዓሣው ቶሎ አይተፋውም። ያ የሁለትና የሦስት ሰከንድ ልዩነት ለአጥማጁ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ጥቅሙ መንጠቆውን በውስጡ መደበቅ መቻሉ ነው። ቴክሳስ ሪግ በሚባለው አገጣጠም መጀመሪያ ጥይት የመሰለች፣ መሐሏ የተበሳ ክብደት በክሩ ላይ ትገባለች፤ ከእሷ በታች መንጠቆው ይታሰራል። የመንጠቆው ጫፍ በትሉ አናት ላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ገብቶ በጎን ይወጣል፤ ከዚያ የመንጠቆው ቀለበት የትሉን አናት እስኪነካ ድረስ ይሳባል። አሁን መንጠቆው ይዞርና ጫፉ ወደ ትሉ ሰውነት እንዲመለከት ይደረጋል። ትሉን ቀጥ አድርጎ አንጠልጥሎ የመንጠቆው ጉብጠት የት ላይ እንደሚያርፍ ማየት ያስፈልጋል፤ ጫፉ ተመልሶ የሚገባው በዚያ ነጥብ ላይ ነው። ትሉ ከተኮማተረ ወይም ከተጠማዘዘ በውኃ ውስጥ እንደ ቡሽ መፍቻ ይሽከረከራል፣ ክሩንም ያጠማዝዛል። ስለዚህ ከመወርወሩ በፊት ቀጥ ብሎ መንጠልጠሉን ማረጋገጥ የአሥር ሰከንድ ሥራ ቢሆንም ፈጽሞ መዘለል የለበትም። በትክክል የተገጠመ ትል ጥቅጥቅ ባለ ሣርና በሰመጠ ቅርንጫፍ መሐል ሳይያዝ ያልፋል፤ ባስ ዓሣ የሚኖረውም እዚያው ነው።

አጠቃቀሙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትሉ ተወርውሮ መሬት እስኪነካ ክሩ በትንሹ ላላ ብሎ ይተዋል፤ አብዛኛው ንክሻ የሚመጣው ትሉ ወደ ታች ሲወርድ ነው። በዚህ ጊዜ ዓይን ከክሩ መነሳት የለበትም። ክሩ ድንገት ቢንቀሳቀስ፣ ወደ ጎን መሄድ ቢጀምር ወይም መሬት መድረስ ከሚገባው ቀደም ብሎ ቢቆም ዓሣው ይዞታል ማለት ነው። እጅ ላይ የሚሰማው ደግሞ ቀለል ያለ መታ የማድረግ ያህል ነው። ያን ጊዜ የላላውን ክር በፍጥነት ሰብስቦ ዘንጉን ወደ ላይ በኃይል መሳብ ያስፈልጋል፤ መንጠቆው መጀመሪያ ፕላስቲኩን በስቶ ከዚያ የዓሣውን አፍ መያዝ አለበትና።

የክብደቱ መጠን የመውረጃውን ፍጥነት ይወስናል። 3.5 ግራም ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ለጥልቀት አልባና ለረጋ ውኃ ይስማማል። 7 ግራም የዘወትር ነው። 14 ግራምና ከዚያ በላይ ነፋስ ሲኖር፣ ውኃው ሲጠልቅ ወይም ሣሩ ሲጠቀጠቅ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ተንግስተን ከእርሳስ ይመረጣል። የእርሳስ እፍጋት በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር 11.3 ግራም ሲሆን የተንግስተን 19.3 ነው፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ተንግስተን በጣም ያነሰ ነው። ጠንካራም ስለሆነ ድንጋይና ጭቃ ሲነካ ልዩነቱ በዘንጉ በኩል በግልጽ ይሰማል። ዋጋው ከእርሳስ ይበልጣል፤ ነገር ግን የጠፋ እርሳስ ሉን የሚባሉት የውኃ ወፎች ሲውጡት ስለሚመርዛቸው እንደ ኒው ሃምፕሻየር ያሉ የአሜሪካ ግዛቶች ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶችን በሕግ ከልክለዋል።

ከትል ወገን ሳይነሳ መታለፍ የሌለበት ሌላው ሴንኮ ነው። ጋሪ ያማሞቶ የሠራው ይህ ማባበያ ሲታይ ምንም የማያስደንቅ ወፍራም ዱላ ነው፤ መልኩ የተወሰደው ከተራ እስክሪብቶ እንደሆነ ይነገራል። ምስጢሩ ፕላስቲኩ ውስጥ በብዛት የተቀላቀለው ጨው ነው። ጨው ስለሚያከብደው ያለ ተጨማሪ ክብደት ራሱ ይሰምጣል። መንጠቆው መሐሉ ላይ ብቻ ሲሰካ ደግሞ ሲወርድ ሁለቱም ጫፎቹ በስሱ ይርገበገባሉ። የሚጠበቅብን መወርወርና መተው ብቻ ነው። ዓሣው ሲያኮርፍ፣ ውኃው ሲጠራና ሰማዩ ሲገለጥ ከዚህ የሚያስተማምን አላውቅም።

ከንፈር ያላቸው

ትል ቀስ ብሎ አንድን ቦታ በደንብ ይፈትሻል፤ ዓሣው የት እንዳለ ጨርሶ ካልታወቀ ግን ጊዜ ይፈጃል። ሰፊ ውኃ ቶሎ ለመፈተሽ ክራንክቤይት የሚባለው ይሻላል። ሆዱ ወፈር ያለ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ሲሆን ከአገጩ ሥር ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ከንፈር ወጥቶለታል። ሲሳብ ውኃው ከንፈሩን ስለሚገፋው ጭንቅላቱ ወደ ታች ይዘልቃል፤ ከከንፈሩ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ የሚፈጠረው የውኃ አዙሪት ደግሞ ሰውነቱን ያወዛውዘዋል። ከንፈሩ አጭርና ወደ ታች የቀና ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ብቻ ይጠልቃል። ረጅምና ወደ ፊት የተዘረጋ ከሆነ እስከ ስድስት ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ቀጭን ክርና ረጅም ውርወራ ጥልቀቱን ይጨምራሉ። ስለዚህ ማባበያውን ሲገዙ ከቀለሙ በፊት ከንፈሩን ማየት ነው።

ክራንክቤይት በባዶ ውኃ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ከድንጋይ ወይም ከግንድ ጋር ተጋጭቶ ድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ግን ባሱ ሳያስብ ይነክሰዋል። ይህ ረሃብ ብቻ አይደለም፤ ከአጠገቡ የሚያመልጥ ነገር የሚቀሰቅሰው ደመ ነፍስ ነው። በመሆኑም መሬቱን የማይነካ ክራንክቤይት ግማሽ ሥራውን ብቻ እየሠራ ነው ባይ ነኝ። ቅርንጫፍ ሲይዘው መጎተት ነገሩን ያባብሳል። ክሩን ማላላት ይሻላል፤ አብዛኛዎቹ ተንሳፋፊ ስለሆኑ ራሳቸው ወደ ኋላ ተመልሰው ይለቃሉ።

አንዳንዴ አዲስ ማባበያ እንኳ ሲሳብ ቀጥ ብሎ አይመጣም፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መፍትሔው በአፍንጫው ላይ ባለችው ክር ማሰሪያ ቀለበት ነው። ማባበያውን ፊቱን ወደ ራስ አዙሮ ወደ ግራ የሚያዘነብል ከሆነ ቀለበቷን በፒንሳ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ግራ ማጠፍ። ጥቂት ማለት ለዓይን የማይታይ ያህል ነው፤ ከዚያ በድጋሚ በአጭሩ ወርውሮ መሞከር።

በዚህ ወገን ካሉት ሁሉ ታሪኩ የሚማርከኝ የፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ ነው። ድሃ ዓሣ አስጋሪ ነበር። አዳኝ ዓሣ ከመንጋው መሐል ለይቶ የሚያጠቃው ሚዛኑን ስቶ የሚንገዳገደውን እንደሆነ ልብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ያንን መንገዳገድ የሚያስመስል ማባበያ ከቡሽ ቀርጾ ሠራ። መልኩን ያንጸባርቅ ዘንድ በቸኮላታ መጠቅለያ ወረቀት ሸፈነው፤ ውኃ እንዳያስገባ ደግሞ የፎቶግራፍ ኔጌቲቭ አቅልጦ ቀባው። ዛሬ ጀርክቤይት የሚባሉት ቀጫጭን ማባበያዎች በዚያው ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ይደረጉና ይቆማሉ። አንዳንዶቹ በቆሙበት ጥልቀት ሳይንሳፈፉና ሳይሰምጡ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ይህ ቆይታ አሥር ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል፤ ንክሻውም የሚመጣው በቆይታው ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ማባበያ ባይገዛ ይሻለዋል።

ጂግ፣ ስፒነርቤይትና በገጽ ላይ የሚሄዱት

ጂግ ከባድ የብረት ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ሲሆን በዙሪያው ቀጫጭን የጎማ ክሮች ቀሚስ ይሆኑለታል፤ ከኋላው ለስላሳ ፕላስቲክ ይጨመርበታል። በመሬት ላይ ቀስ ብሎ ሲጎተት ክሬይፊሽ የሚባለውን መቆንጠጫ ያለው የውኃ ፍጡር ይመስላል፤ ክሬይፊሽ ደግሞ ለባስ ተወዳጅ ምግብ ነው። በቁጥር ብዙ ዓሣ አይዝም፤ የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ ትልቁን ነው።

ስፒነርቤይት የታጠፈ ሽቦ ነው፤ በአንዱ ጫፉ መንጠቆ፣ በሌላው የሚሽከረከር የብረት ቅጠል አለበት። ክብ ቅጠል በዝግታ ሲሳብ እንኳ ከባድ ንዝረት ይሰጣል፤ ለደፈረሰ ውኃ ይመረጣል። ሾጠጥ ያለው ቅጠል ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ብልጭታው ይበዛል፤ በጠራ ውኃ በፍጥነት ሲሳብ የትንንሽ ዓሣዎች መንጋ ይመስላል። ነፋስ ውኃውን ሲያናውጠው፣ ሌሎች ማባበያዎችን መቆጣጠር ሲያቅት፣ ስፒነርቤይት የሚወረወርበት ሰዓት ነው።

በውኃ ገጽ ላይ የሚሄዱት ማባበያዎች ከሁሉ የበለጠ ደስታ የሚሰጡ ናቸው፤ ዓሣው ውኃውን ሰንጥቆ ሲወጣ በዓይን ይታያልና። ማለዳ፣ ማታና ደመናማ ቀን ይመቻቸዋል፤ የውኃው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል ይበልጥ ይሠራሉ። ሰው ሠራሹ እንቁራሪት ሰውነቱ ባዶ ነው፤ ሁለት መንጠቆዎቹ ወደ ላይ ዞረው ከጀርባው ጋር ተጣብቀው ስለሚሄዱ በውኃ ላይ በተነጠፈ ቅጠል ሁሉ ላይ ሳይያዝ ያልፋል። ዓሣው ሲነክሰው ሰውነቱ ይጨፈለቅና መንጠቆዎቹ ይወጣሉ። ለዚህ ግን ዓሣው አፉን መዝጋት አለበት። ፍንዳታውን ባየበት ቅጽበት ዘንጉን የሚስብ ሰው ማባበያውን ከተከፈተ አፍ ውስጥ ነጥቆ ያወጣዋል። ክብደቱ በእጅ ላይ እስኪሰማ መጠበቅ የግድ ነው። ይህ ለመናገር ይቀላል፤ ውኃው ፊት ለፊት ሲፈነዳ እጅን መያዝ ግን ልምምድ ይፈልጋል።

የውኃው ሙቀት ፍጥነቱን ይወስናል

የዓሣ የሰውነት ሙቀት ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ውኃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ምግብ መፍጨቱም ሆነ እንቅስቃሴው ስለሚዘገይ ባሱ ለአንድ ጉርሻ ሩቅ አይሄድም። በዚህ ጊዜ የሚሠራው በአፍንጫው ሥር ቀስ ብሎ የሚያልፍ ነገር ነው፦ ጂግ፣ በጥልቀቱ ተንጠልጥሎ የሚቆም ጀርክቤይት፣ ትንሽ ትል። ውኃው ሞቅ እያለ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲደርስ ለመራባት ወደ ዳር ይወጣል። ወንዱ ጎጆውን ሲጠብቅ የቀረበውን ሁሉ የሚያባርረው ምግብ ፈልጎ አይደለም። ጎጆው ላይ ያለ ዓሣ ሲያዝ እንቁላሉና ጫጩቶቹ ለሌሎች ዓሣዎች ስለሚጋለጡ እኔ በዚያ ወቅት ጎጆ ላይ አለመወርወርን እመርጣለሁ፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ውኃው በጣም ሲሞቅ ዓሣው ቀን ቀን ወደ ጥልቀት ወይም ወደ ጥላ ይገባል፣ ማለዳና ማታ ይወጣል። እንደገና ሲቀዘቅዝ የትንንሽ ዓሣ መንጋ ተከትሎ በየሰርጡ ይሮጣል፤ ፈጣን ማባበያ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው።

ቀለምስ?

ቀለም ምንም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ትልቅ አፍ ባስ ሁለት ዓይነት ቀለም ለይ ሕዋሳት እንዳሉት፣ እነሱም ለቀይና ለአረንጓዴ የተስተካከሉ እንደሆኑ አሳይተዋል። ቀይና አረንጓዴን በደንብ ይለያል። ደማቅ አረንጓዴ ቢጫን ከነጭ፣ ሰማያዊን ከጥቁር መለየት ግን ይቸግረዋል። ስለዚህ ጥቁርና ሰማያዊ ጂግ ስላለው ሌላ ጥቁር ብቻ የሆነ መግዛት አለብኝ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻለዋል። በጠራ ውኃ አረንጓዴ ቡኒና ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም፣ በደፈረሰ ውኃና በሌሊት ጥቁር፣ የትንንሽ ዓሣ መንጋ ባለበት ነጭ፤ በእነዚህ ሦስቱ ብዙ ዓመት ማጥመድ ይቻላል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ነገር ይታሰበኛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1932 ጆርጅ ፔሪ የሚባል የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ወጣት በሞንትጎመሪ ሐይቅ 10.09 ኪሎ ግራም የሚመዝን ትልቅ አፍ ባስ ያዘ። እሱና ጓደኛው በዚያ ቀን ለሁለት የነበራቸው ማባበያ አንድ ብቻ እንደነበረ ይነገራል። ይህ የዓለም የክብደት ክብረ ወሰን ሳይነካ 77 ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማናቡ ኩሪታ በጃፓኑ ቢዋ ሐይቅ 10.12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ያዘ፤ እሱ የተጠቀመው በሕይወት ያለ ብሉጊል ዓሣ ነበር። በክብረ ወሰን ምዝገባ መመሪያው መሠረት አዲስ ክብረ ወሰን ለመባል ቢያንስ 57 ግራም ያህል መብለጥ ስለነበረበት ሁለቱ እኩል ተመዘገቡ።

ለጀማሪ ሣጥን የምመክረው እንግዲህ ጥቂት ነው። አንድ ጥቅል አረንጓዴ ቡኒ ሴንኮና የሚሆነው መንጠቆ፣ ጥቂት የ7 ግራም ክብደቶች፣ ከንፈሩ አጭር የሆነ አንድ ክራንክቤይት፣ አንድ ነጭ ስፒነርቤይትና አንድ እንቁራሪት። ለትልና ለክራንክቤይት የሚሰምጠው የፍሎሮካርቦን ክር ይስማማል፤ በገጽ ላይ ለሚሄዱት ግን ፍሎሮካርቦኑ አፍንጫቸውን ወደ ታች ስለሚስብ ተንሳፋፊው የተጎነጎነ ክር ይሻላል። የተቀደደ ትል ወደ ውኃው መጣል የለበትም። ፕላስቲኩ አይበሰብስም፤ ዓሣ ሲውጠው ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀራል፣ ያብጣልም። ኪስ ውስጥ ተከትቶ ወደ ቤት ይመለስ።